ጣሪያ ያልተበጀለት ጥገኝነት፦ የፕሮቶበፍ 4.21 ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የመጨረሻ ቀናት፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2014 ዓ.ም.፣ ብዙ የፓይተን ፕሮግራሞች ማንም አንድ መስመር ሳይነካባቸው መነሣት እምቢ አሉ። ቀደም ብሎ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ሥራው እንደወትሮው ይቀጥላል፤ ያው ፕሮግራም በአዲስ ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ላይብረሪዎቹን፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁለትን ኮድ፣ ገና ሲጠራ ይወድቃል። ከወደቁት መካከል ቴንሰርፍሎው የተባለውን ላይብረሪ የሚጠቀሙ የማሽን ትምህርት ሥራዎች ብዙ ነበሩ። የሚታየው የስህተት መልእክት ግን ስለ ቴንሰርፍሎው ምንም አይልም። የሚያወራው ስለ «ገላጮች»፣ የመልእክትን ቅርጽ ለፕሮግራሙ ስለሚያስረዱ የኮድ አካላት፣ ነው፦ ገላጮች በቀጥታ ሊፈጠሩ አይችሉም፤ ጥሪው ከተመነጨ ፋይል የመጣ ከሆነ ፋይሉ አርጅቷልና 3.19.0 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኮምፓይለር እንደገና ይመንጭ ይላል። (በእንግሊዝኛው ላይ አፍራሹ ቃል በስህተት ሁለት ጊዜ ስለተጻፈ መልእክቱን እንዳለ ላነበበው የሚናገረው ተቃራኒውን ነበር። ለነገሩ በዚያ ሰዓት ሰዋስው ያስጨነቀው ሰው አልነበረም።)

አዲስ የወጣው ነገር የፕሮቶበፍ ላይብረሪ የፓይተን ስሪት 4.21.0 ነው። ከተጎዱት ብዙዎቹ የዚህን ላይብረሪ ስም በጥገኝነት ዝርዝራቸው፣ ማለትም የሚያስፈልጓቸውን ፓኬጆች በሚመዘግቡበት ፋይል ውስጥ፣ ጽፈው አያውቁም፤ የመጣባቸው በሌላ ፓኬጅ ጀርባ ታዝሎ ነው። ጉዳዩን ለማጥናት የሚያበቃውም ይኸው ነው። የፕሮግራሙ ስሪት ይታወቃል፤ የላይብረሪው ስሪትም ይታወቃል። ጥፋቱን ያመጣው ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ሦስተኛ ስሪት ነበር።

መረጃው ደህና ነበር

ፕሮቶኮል በፈርስ፣ በአጭሩ ፕሮቶበፍ፣ ጉግል ከ2001 ጀምሮ ለራሱ ሲጠቀምበት ቆይቶ በጁላይ 2008 በክፍት ምንጭ የለቀቀው የመረጃ ማሸጊያ ዘዴ ነው። ፕሮግራመሩ የመልእክቱን ቅርጽ በአንዲት ትንሽ ፋይል ይገልጻል፦ ይህ መልእክት ስም አለው፣ ስሙ 1ኛ መስክ ነው፤ ዕድሜ አለው፣ ዕድሜው 2ኛ መስክ ነው። ፕሮቶሲ የሚባለው ኮምፓይለር ያንን ፋይል አንብቦ በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በሩቢ ወይም በፓይተን ኮድ ያመነጫል።

በመስመር ላይ የሚጓዘው መልእክት እጅግ ቁጥብ ነው። 1ኛው መስክ 150 የሚል ቁጥር ቢይዝ መልእክቱ በሙሉ ሦስት ባይት ብቻ ይሆናል፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 08 96 01 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ባይት «1ኛ መስክ ነኝ፣ ርዝመቱ የሚለዋወጥ ቁጥር ይከተለኛል» ይላል። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ባይቶች ቁጥሩን ሰባት ሰባት ቢት አድርገው ይዘውታል። ከ96 ላይ «ገና ይቀጥላል» የሚለው ከፍተኛ ቢት ሲነሣ 22 ይቀራል፤ 01 በ128 ሲባዛ 128 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 150። የመስኩ ስም ከሦስቱ ባይቶች በአንዱም ውስጥ የለም። ስለዚህ ስሙ ቢቀየር ወይም አዲስ መስክ ቢጨመር ነባሩ ፕሮግራም አይደናገጥም፤ የማያውቀውን መስክ አልፎ ወደሚያውቀው ይሄዳል።

ፕሮቶበፍ ስም ያተረፈው በዚህ ነው። የአሮጌና የአዲስ ፕሮግራም መግባባት ዋና ጉዳዩ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ነው። በሜይ 2022ም ይህ ዝናው አልተነካም፤ 4.21.0 በባይቶቹ አጻጻፍ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም፤ ከዓመታት በፊት ተጽፎ የተቀመጠ መልእክት በአዲሱ ላይብረሪ ያለችግር ይነበባል። ያልተነበበው ከአንድ ዓመት በፊት የተመነጨ የፓይተን ፋይል ነው። መረጃን በማጣጣም ለሌላው አርአያ የሆነ ፕሮጀክት የተሰናከለው የራሱን ኮድ በማጣጣም ላይ ነበር።

አንድ ስም፣ ሦስት አካል

«ፕሮቶበፍ ተጠቀምሁ» የሚል የፓይተን ፕሮግራመር በእውነቱ የሚጠቀመው ሦስት ነገር ነው። አንዱ ኮምፓይለሩ ነው፤ እሱ የሚሠራው ፓኬጁን ባዘጋጀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ጨርሶ ላያየው ይችላል። ሁለተኛው ኮምፓይለሩ ያመነጨው ፋይል ነው፤ በፓይተን የስሙ መጨረሻ «ፒቢ2» ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። ይህ ፋይል በፓኬጁ ውስጥ ታሽጎ ይከፋፈላል። ሦስተኛው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ማስኬጃ ላይብረሪ ነው። የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ፣ ፒፕ፣ የሚያውቀው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው። የታሸገው ፋይል በየትኛው ኮምፓይለር እንደመነጨ የሚነግረው አካል የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ይኑሩ አይኑሩ ሊጠይቅ አይችልም።

ማስኬጃው ላይብረሪ ራሱ ደግሞ ከውስጡ ሞተሩ ይቀያየራል። አንደኛው በንጹሕ ፓይተን የተጻፈ ነው፤ የትም ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛው የሲ ፕላስ ፕላሱን ላይብረሪ ለፓይተን የሚያገናኝ ማያያዣ ነው። ለዓመታት ፈጣኑ ምርጫ እሱ ነበር። 4.21 ሦስተኛ ሞተር አመጣ፦ ዩፒቢ የተባለ፣ በሲ የተጻፈ አነስተኛ ላይብረሪ። ዩፒቢ ለፓይተን አዲስ ቢሆንም ለፕሮጀክቱ እንግዳ አልነበረም፤ የሩቢና የፒኤችፒ ማያያዣዎች ቀድሞውኑ በእሱ ላይ ቆመው ነበር።

ከ3.19 በፊት የመነጨ አንድ ፋይል ከፍቶ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለእያንዳንዱ መስክ አንድ ጥሪ አለ፤ በጥሪው ውስጥ የመስኩ ስም፣ ሙሉ ስሙ፣ ተራው፣ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ መነሻ ዋጋው ተዘርዝሯል። ሃያ መስክ ያለው መልእክት ሃያ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ያስከትላል። በንጹሕ ፓይተኑ ሞተር እነዚህ ጥሪዎች እውነተኛ ሥራ ይሠራሉ፤ ገላጮቹን አንድ በአንድ ይገነባሉ። በሲ ፕላስ ፕላሱ ሞተር ግን ለይስሙላ ነበሩ። ሞተሩ መግለጫውን ከዚያው ፋይል ውስጥ ካለው የባይት ሕብረቁምፊ ቀድሞ ጭኖታል፤ ፓይተን «ይህን ገላጭ ፍጠርልኝ» ሲለው አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ በሙሉ ስሙ ከመዝገቡ ፈልጎ ቀድሞ የነበረውን ይመልሳል። ፈጠርሁ ባዩ ፋይል መታለሉን ሳያውቅ ሥራው ይቀጥላል።

ዩፒቢ ይህን ይሉኝታ አልወረሰም። በ3.19 እና ከዚያ በኋላ የመነጨ ፋይል ባይቶቹን አስረክቦ ገላጮቹን ከሞተሩ ስለሚቀበል ከእሱ ጋር ግጭት የለውም። የቆየው ፋይል ግን መስክ በመስክ «ፍጠርልኝ» ማለቱን ሲጀምር ዩፒቢ በሩን ዘጋበት። በመልእክቱ ላይ ገላጮች «በቀጥታ» አይፈጠሩም የተባለው ይህ ነው።

ለውጡ ለምን አስፈለገ

አዘጋጆቹን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም። የሲ ፕላስ ፕላሱ ማያያዣ ከባድ ሸክም ነበረው። አንድ የፓይተን ፕሮግራም ፕሮቶበፍን በራሱ ማያያዣ በኩል ይጭናል፤ ጎን ለጎን የተጫነ ሌላ ትልቅ ላይብረሪ ደግሞ የራሱን የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮቶበፍ በሆዱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሂደት ውስጥ ሲገናኙ የስምና የማኅደረ ትውስታ አደረጃጀት ግጭት ይነሣል፤ ያን ዓይነት ግጭት ደግሞ በቀላሉ የሚጠቁም የስህተት መልእክት የለውም፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይሞታል። በሲ የተጻፈ ትንሽ ሞተር በየፓኬጁ ውስጥ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ይቀንሳል። ፍጥነትም ተገኝቷል።

ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጥቅም አለ። 3.20.1 ለሊኑክስ ሲሰራጭ ለፓይተን 3.7፣ 3.8፣ 3.9 እና 3.10 የተለያየ የተዘጋጀ ፋይል ነበረው፤ አዲስ ፓይተን በወጣ ቁጥር አዲስ ፋይል መሠራት ነበረበት። 4.21 ግን ፓይተን ራሱ «ይህን አልቀይርም» ብሎ ቃል በገባበት ጠባብ የሲ መገናኛ ብቻ ስለተጻፈ ለሊኑክስ አንድ ፋይል ከ3.7 ጀምሮ ላለው ሁሉ ይበቃል። ከፓይተን ጋር ያለው የስሪት ጣጣ ተቃለለ፤ ከራሱ የተመነጨ ኮድ ጋር ያለው ተካረረ። ኪሳራውን ግን አልሸሸጉም፤ መልእክቶችን በሲ ፕላስ ፕላስና በፓይተን መካከል ያለቅጂ የሚጋሩ ፕሮግራሞች ይህ መንገድ እንደሚዘጋባቸው በማስታወቂያው ላይ ተነግሯቸዋል።

ማስታወቂያም ነበር፤ በሜይ 6 2022 የተጻፈ የዜና ገጽ 3.19 የግድ መሆኑን ይገልጻል፤ የስህተት መልእክቱ ራሱ አንባቢውን ወደዚያ ገጽ ይመራል። ከ3 ወደ 4 መዝለሉም ትክክለኛው ምልክት ነው፤ በተለመደው የስሪት አቆጣጠር የመጀመሪያው ቁጥር ሲቀየር «የሚሰበር ነገር አለ» ማለት ነው። ችግሩ ምልክቱን የሚያይ አለመኖሩ ነው። ማስታወቂያ የሚያነበው ፕሮቶበፍን እየጠራ የሚጠቀም ሰው ነው፤ የተጎዱት አብዛኞቹ ግን ፕሮቶበፍ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

«እኔ ስሪት ቆልፌያለሁ»

ቴንሰርፍሎው 2.8.0 ከፕሮቶበፍ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ 3.9.2 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ወለል አለው፤ ጣሪያ የለውም። ፒፕ ደግሞ የተነገረውን ፈጻሚ ነው፤ ከወለሉ በላይ ካሉት መካከል አዲሱን ያነሣል። 4.21.0 ወጣ፤ ፒፕ 4.21.0ን ጫነ። በቴንሰርፍሎው 2.8.0 ውስጥ የታሸጉት ፋይሎች ግን ከ3.19 በቀደመ ኮምፓይለር የመነጩ ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥንቁቆቹም አልተረፉም፤ ጉዳዩን መራራ ያደረገው ይህ ይመስለኛል። በዝርዝራቸው ላይ «ቴንሰርፍሎው ልክ 2.8.0» ብለው የጻፉ ሰዎች ስሪት የቆለፉ መስሏቸው ነበር። የቆለፉት የፊተኛውን በር ብቻ ነው። ከቴንሰርፍሎው ጀርባ የሚመጡት ፓኬጆች ሁሉ ተከፍተው ነበር፤ ፕሮግራሙ ከነፓኬጆቹ የሚታሸግበት ኮንቴይነር እንደገና በተሠራ ቁጥር ከዚያ ጀርባ የሚገባው ነገር ሊለወጥ ይችላል። የዳኑት ሙሉውን የጥገኝነት ዛፍ እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ በየስሪቱ መዝግበው የሚጭኑት ናቸው።

የቴንሰርፍሎው አዘጋጆች በዚያው ሰሞን 2.9.1ን አወጡ፤ የዚህ ስሪት ማስታወሻ ፕሮቶበፍ ከ3.20 በታች እንዲሆን ጣሪያ መጨመሩን በግልጽ ይናገራል። ለቀደሙት ተከታታዮችም ተመሳሳይ እርማት ወጣ። ግን እርማቱ የሚደርሰው ወደ አዲሱ ስሪት ለሚሻገር ብቻ ነው። በፓይተን የፓኬጆች ማከማቻ ላይ አንዴ የወጣ ፋይል አይታረምም፤ 2.8.0 «3.9.2 ወይም ከዚያ በላይ» እንዳለ ለዘላለም ይኖራል። በ2.8.0 ላይ የቆለፈው ሰው ጣሪያውን በገዛ እጁ መሥራት ነበረበት።

ሦስት መውጫዎች፣ ሦስት ዋጋ

መልእክቱ ራሱ ሁለት ጊዜያዊ መውጫ ያቀርባል። አንዱ ፕሮቶበፍን ወደ 3.20 ተከታታይ ወይም ከዚያ በታች መመለስ ነው። ሌላው በአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ከኮዱ ውጭ በሚሰጥ ቅንብር፣ አማካይነት ንጹሕ ፓይተኑን ሞተር መምረጥ ነው፤ መልእክቱ «እጅግ ቀርፋፋ ይሆናል» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እውነቱን ነው። ሁለተኛውን በአንድ ትንሽ የውስጥ መሣሪያ ላይ መጠቀም ያስኬዳል። በቀን ብዙ መልእክት በሚፈታ አገልግሎት ላይ ተጠቅሞ መርሳት ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ነገር አይወድቅም፣ ስህተት አይወጣም፤ አገልግሎቱ ብቻ ሳይታወቅ ይዘገያል። ያን ተለዋዋጭ ማን ለምን እንዳስገባው የሚያስታውስ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ወዲያ ደግሞ ማንም ሊነካው አይደፍርም።

ሦስተኛውና ትክክለኛው መውጫ ፋይሎቹን እንደገና ማመንጨት ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው የፓኬጁ ባለቤት ነው። እሱም ቢሆን በየትኛው ኮምፓይለር እንደሚያመነጭ ማወቅ ነበረበት፤ ብዙ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የገባውም እዚህ ላይ ነው። «አርጅቷል» የተባለ ፕሮግራመር በደመ ነፍስ አዲሱን ኮምፓይለር አውርዶ ያመነጭበታል። ከ3.20 ጀምሮ የሚመነጨው ፋይል ግን «ገንቢ» የተባለ አዲስ ረዳት ክፍል ከማስኬጃው ላይብረሪ ይጠራል፤ ከ3.20 በታች ባለ ላይብረሪ ውስጥ ደግሞ ይህ ክፍል የለም። በቴንሰርፍሎው ጣሪያ ምክንያት 3.19 ላይ የተገደበ ሰው አዲስ የመነጨውን ፋይል ሲያስኬድ «ገንቢ የሚባል ነገር አላገኘሁም» የሚል ሌላ ስህተት ይጠብቀዋል። አሮጌው ፋይል በአዲሱ ላይብረሪ ይወድቃል፤ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ይወድቃል። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ነበረች፦ የ3.19 ኮምፓይለር። በእሱ የመነጨ ፋይል በ3.19ም በ3.20ም በ4.21ም ይሠራል። በአንድ ጊዜ ለሁለት ዓይነት ተጠቃሚ የሚያሰራጩ ፓኬጆች ሆን ብለው በቆየው 3.19 ላይ የቆዩት ለዚህ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ስንፍና ሊመስል ይችል ነበር።

ጣሪያዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ

የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ወለል ጋር መጋጨቱ አልቀረም። በዚያው ዓመት አጋማሽ የወጣው ኦኒክስ 1.12፣ የማሽን ትምህርት ሞዴሎችን መለዋወጫ ፓኬጅ፣ ፕሮቶበፍ ከ3.20.1 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ቴንሰርፍሎው 2.10 ከ3.20 በታች ይላል። እስከዚህ መፍትሔ አለ፤ የ3.19 ተከታታይ ሁለቱንም ያስታርቃል። ፕሮግራሞች በኔትወርክ ከሚነጋገሩበት ከጂአርፒሲ ቤተሰብ የሆነው የሁኔታ መግለጫ ፓኬጅ ግን በ1.49.1 ፕሮቶበፍ 4.21.3 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን መጠየቅ ጀመረ። ይህና ቴንሰርፍሎው በአንድ አካባቢ ሊኖሩ አይችሉም። መውጫው የጂአርፒሲውን ፓኬጅ ወደ 1.48.2 መመለስ ነበር። ፒፕ አንዳንድ ጊዜ ይህን በራሱ ያገኘዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፓኬጆች በተለያየ ትእዛዝ ተራ በተራ ሲጫኑ የመጨረሻው የፊተኛውን ይገለብጥና በቀይ ጽሑፍ «ግጭት አለ» ብሎ ሥራውን ይጨርሳል። ያንን ቀይ ጽሑፍ ማንም አያነብም።

በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ የጸጥታ ጉዳይ ተጨመረ። በጸጥታ ድክመቶች መዝገብ ሲቪኢ-2022-1941 ተብሎ የሰፈረው ድክመት አንድ ሆን ተብሎ የተቀመመ መልእክት ላይብረሪውን ማኅደረ ትውስታ አስጨርሶ አገልግሎቱን እንዲያቋርጥ ያስችለዋል። እርማቱ ለፓይተን በ3.18.3፣ በ3.19.5፣ በ3.20.2 እና በ4.21.6 ወጣ። አሁን የኦኒክስ 1.12 ተጠቃሚን እንይ። ጣሪያው 3.20.1 ነው፤ እርማቱ ያለው በ3.20.2 ነው። በአንዲት ቁጥር ተቀድሟል። የሚቀረው ወደ 3.19.5 መውረድ ነው፤ ማለትም ደኅንነት ለማግኘት ወደ ታች መሄድ። ይህን የሚያስበው ስንቱ ነው? የስሪት ቁጥር ከፍ ሲል ይሻላል ብሎ ያደገ ሰው ሁሉ 3.20.1 ላይ ተኝቶ ይቀራል።

ሜይ ላይ የተሰጠው ምክርም እዚህ ላይ በሁለት ተከፈለ። «የ3.20 ተከታታይ» ብለው የጻፉ ሰዎች በሚቀጥለው ጭነት 3.20.2ን ያለ ድካም አገኙ። «ልክ 3.20.1» ብለው የጻፉት ድክመቱን ቆልፈው አስቀሩ። የፕሮቶበፍ አዘጋጆች ሦስት አሮጌ ተከታታዮችን ወደኋላ ተመልሰው ማረማቸው ሊመሰገን ይገባል፤ 4.21ን ብቻ አርመው ቢተዉት ኖሮ በጣሪያ ሥር ያለው ሁሉ ከጉድለቱ ጋር ይቀር ነበር። ቴንሰርፍሎው ጣሪያውን ከፍ ያደረገው በማርች 2023 በወጣው 2.12 ነው። አዲሱ መስፈርት ከ3.20.3 ጀምሮ ከ5 በታች የሆነውን ይቀበላል፤ ከዚያ ውስጥ 4.21.0ን፣ 4.21.1ን፣ እንዲህ እያለ እስከ 4.21.5 በስም እየጠራ ያስወጣል። ድክመቱ ያልታረመባቸው ስሪቶች ናቸው።

ስለ ጣሪያ ያለኝን አስተያየት ልናገር። በፓይተን ሰዎች ዘንድ ጣሪያ ይበጅ አይበጅ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። አንዱ ወገን የሚመጣው ስሪት ይሰብር አይሰብር አስቀድሞ አይታወቅምና ጣሪያ ግምት ነው ይላል፤ ሌላው ወለል ብቻ ማለት ለማያውቁት ሰው ባዶ ቼክ መፈረም ነው ይላል። ለተራ ላይብረሪ የፊተኛው ይሻለኛል። የተመነጨ ኮድ ይዞ ለሚሰራጭ ፓኬጅ ግን የኋለኛው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ግምት የለም። አዘጋጁ ፋይሉን በየትኛው ኮምፓይለር እንዳመነጨው ያውቃል፤ የማስኬጃው ላይብረሪ ዋና ቁጥር ሲቀየር ያ ፋይል እንደገና መፈተሽ እንዳለበትም ያውቃል። የሚያውቀውን አለመጻፉ ነው ጥፋቱ።

የመሐሉ ቁጥር

ከ3.20 በቀጥታ ወደ 4.21 መሄዱ ብዙ ሰው አደናግሯል። ቀድሞ ሁሉም ቋንቋዎች አንድ ቁጥር ይጋሩ ነበር። ፓይተን የሚሰብር ለውጥ ቢፈልግ ምንም ያልነካው ጃቫም ዋና ቁጥሩን አብሮ መቀየር ሊኖርበት ነው። በ2022 ይህ ተለየ። ኮምፓይለሩ 21 ተባለ፤ የፓይተን ላይብረሪ 4.21፣ የጃቫና የሲ ፕላስ ፕላስ 3.21። የፊተኛው ቁጥር የየቋንቋው የግል ጉዳይ ነው፤ የመሐሉ የሁሉም የጋራ ዝምድና ነው። በማርች 2024 በ26 ላይ ፓይተን 5.26፣ ጃቫ 4.26 ሆኑ፤ በማርች 2025 ፓይተን 6.30 ደረሰ። አንዴ ከገባ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ አንድ አገልግሎት በጃቫ፣ ሌላው በፓይተን የተጻፈበት መሥሪያ ቤት የመሐሉን ቁጥር ብቻ አስተያይቶ ከአንድ ትውልድ መሆናቸውን ያውቃል።

ፕሮጀክቱ ከዚያ ወዲህ ደንቡን በጽሑፍ አውጥቷል። የሚሰብር ለውጥ በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ ጊዜውም የዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ነው። አዲስ የመነጨ ኮድ በቆየ ላይብረሪ ላይ እንዲሠራ ቃል አይገባም። የቆየ ኮድ ግን በአንድ ዋና ቁጥር ከፍ ባለ ላይብረሪ ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ዋስትና የለውም። ደንቡ ወረቀት ላይ እንዳይቀርም በ5ኛው ተከታታይ የሚመነጩ ፋይሎች ሲጫኑ የራሳቸውን ስሪት ለላይብረሪው አስታውቀው እንዲመረመሩ ተደረገ። ላይብረሪው አይመጥንም ካለ ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል።

ምርመራው የራሱ ክፍተት አለው። መርማሪው ክፍል የሚገኘው በማስኬጃው ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ላይብረሪው ከመርማሪው መፈጠር በፊት የወጣ ከሆነ ፋይሉ የሚጠራው ክፍል የለም። ተጠቃሚው የሚያየው «ስሪትህ አሮጌ ነው» የሚል ንጹሕ ቃል ሳይሆን «የማስኬጃ ስሪት የሚባል ክፍል አላገኘሁም» የሚል ነው፤ ከ«ገንቢ» ጋር አንድ ዓይነት ጣጣ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከዚያ በፊት የመነጩ ፋይሎች ስሪታቸውን የሚያሳውቁበት መስመር ስለሌላቸው 6.30 እንኳ ሊጠይቃቸው አይችልም፤ ዋስትናቸው ያበቃ ቢሆንም እስኪሰበሩ ድረስ ዝም ብለው ያልፋሉ።

እነዚህን በዓይን መለየት ይቻላል። በተጫነው ፓኬጅ ውስጥ ስሙ በ«ፒቢ2» የሚያልቅ ፋይል ፈልጎ በጽሑፍ ማረሚያ መክፈት ነው። በ4.25 እና ከዚያ በኋላ የመነጨ ከሆነ ራስጌው ላይ ባለው አስተያየት ውስጥ የፓይተን ስሪቱ በቁጥር ሰፍሯል። ቁጥሩ ከሌለና ፋይሉ «ገንቢ»ውን የሚጠራ ከሆነ ከ3.20 ወዲህ የመነጨ ነው። ገንቢውን ሳይጠራ አንድ ረጅም የባይት ሕብረቁምፊ ለሞተሩ አስረክቦ ገላጮቹን ከእሱ የሚቀበል ከሆነ የመተላለፊያው የ3.19 ፋይል ነው። መስኮቹን አንድ በአንድ፣ ስማቸውንና ተራቸውን እየዘረዘረ የሚፈጥር ከሆነ ግን ከ3.19 በፊት የመነጨ ነውና ባለቤቱ እስኪያድሰው ድረስ ፕሮቶበፍን ከ4 በታች ማቆየት ግድ ነው፤ በዚያ ውስጥም በ3.19 ተከታታይ ከሆነ 3.19.5 ወይም ከዚያ በላይ፣ በ3.20 ተከታታይ ከሆነ ደግሞ 3.20.2 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።